ዓይን ያጣ እንጀራ

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ አካባቢ፣ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ዓይኗ መታመሙን መጀመሪያ ያወቁት ደንበኞቿ ናቸው። «ሰሞኑን እንጀራሽ ዓይን የለውም» ማለት ጀመሩ።

የጋገረ ሰው ይገባዋል። ሊጡ ምጣዱ ላይ ከዞረ በኋላ አክንባሎው የሚከደነው ዓይኑ ሲወጣ ነው። ትንሽ ከተቸኮለ ይደፈናል። ትንሽ ከዘገየ ይደርቃል። ያቺን ቅጽበት የምትይዛት በማየት ነው። አክስቴ ግን ዓይኗን አልጠረጠረችም። መጀመሪያ እርሾውን ጠረጠረች። ቀጥሎ ጤፉን። ከዚያ ጤፉን የሸጠላትን ሰውዬ፤ እሱን እንዲያውም ተጣላችው። ሰውየው እስከ ዛሬ በሱቁ በር ስናልፍ ፊቱን ያዞርብናል።

እኔ በሂሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የአክስቴ የዓይን ሞራ ከጀመረበት እስከ ኦፕራሲዮኑ ድረስ ያወጣነውን ገንዘብና ያባከንነውን ቀን በአንድ ደብተር ጽፌዋለሁ። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በኋላ ሳገላብጠው ግን አንድ የማይገጥም ነገር አየሁ። ኦፕራሲዮኑ የፈጀው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ለእሱ አንድም ብር አልከፈልንም። እዚያ አልጋ ላይ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብን። ያወጣነውም ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ከመጀመሪያው ልነሳ።

የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው በጠብታ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ዓይኗን በባትሪ አይቶ ጠብታ አዘዘላት። ሲያልቅ ሌላ ጠብታ። ሁለተኛውም ሲያልቅ ሦስተኛ፤ እሱ ደግሞ ከሁለቱም ይወደዳል። አክስቴ ጠብታውን እንደ ጠበል ነበር የምትጠብቀው፤ ማታ ማታ ሰዓቱን ጠብቃ፣ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ። ለውጥ አልመጣም። ሊመጣም አይችልም ነበር።

ብዙ ሰው ሞራ ሲባል ዓይን ላይ ከውጭ የተጋረደ ስስ ቆዳ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ከውስጥ ነው። ከዓይናችን ጥቁር ክብ ጀርባ እንደ ብርጭቆ የጠራች ሌንስ አለች፤ ብርሃን የሚያልፈው በእሷ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውስጧ ያለው ፕሮቲን እየተቋጠረ ይደፈርሳል። የእንቁላል ነጩ ፈሳሽ እሳት ሲነካው እንደሚነጣው በሉት። የበሰለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ሞራንም የሚያሟሟ ጠብታ እስካሁን የለም። መድኃኒቱ የደፈረሰችውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ብቻ ነው። ጠብታ ውስጥ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ካለበት ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ሞራም፣ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን ግላኮማንም ሊያመጣ ይችላል። አክስቴ የወሰደችው የትኛው እንደነበር አላጣራሁም። ጠርሙሶቹን ጥላቸዋለች።

ሁለተኛው ዓመት ያለቀው በመጠበቅ ነው። ጎረቤቶቿ «እስኪበስል ጠብቂ» አሏት። ምክሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ድሮ ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው ሞራው ነጭ ሆኖ ከጠነከረ በኋላ ነበር። ሐኪሞቹም ራሳቸው እንደዚያ ይሉ ነበር። ዘዴው ተለወጠ፣ ምክሩ ሰፈር ውስጥ ቀረ። ዛሬ መብሰሉን መጠበቅ አያስፈልግም። ሥራ ሲያስፈታ፣ ሰው ሲያሳስት፣ ያን ጊዜ ይሠራል። ከመጠን በላይ የቆየ ሞራ እንዲያውም አንዳንዴ ያብጥና የዓይኑን ግፊት ጨምሮ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

በሦስተኛው ዓመት የግራ ዓይኗም ተከተለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእሷ አልፎ ቤተሰቡ ውስጥ የገባው። የልጇ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። ከሰዓት ትምህርት ነበራት። አያቷን ወደ ደንበኞች ቤት የምታደርሰው፣ ብር የምትቆጥረው፣ ምጣዱ አጠገብ ቆማ «አሁን ዓይን አወጣ፣ ክደኚ» የምትለው እሷ ሆነች። ትምህርት ቤት ስትቀር ማንም «አቋረጠች» አላለም። ዛሬ ትቀራለች፣ ነገ ትሄዳለች። ደብተሬ ላይ የዚያን ሴሚስተር የቀረችባቸውን ቀናት ስቆጥር ሃያ ሦስት መጡ። ያን ዓምድ ምን ብዬ እንደምሰይመው ቸግሮኝ ባዶ ተውኩት።

አንድ ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጣች። ነፃ የሞራ ሕክምና ዘመቻ ሊደረግ ነው፣ ሐረር አካባቢ ያለ ሆስፒታል ነው፣ ምርመራው ግን እዚሁ ድሬ ነው አለች። አክስቴ መልሷ አጭር ነበር። «አቦ ተዪኝ! ነፃ የሆነ ነገር ዓይኔን አያድንም።»

ይህን አባባል አልናቅኩትም። ድሃ ሰው ርካሽ ነገር ገዝቶ ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል። ነፃ ሲባል ደግሞ «መለማመጃ ሊያደርጉኝ ነው» የሚል ፍርሃት አለ። አንዲት ጎረቤታችንም አንድ ሰው ዓይኑ ወጥቶ በበግ ዓይን ተተካ ብላ አስፈራርታታለች። የበጉን ቀለም ሳይቀር ነግራታለች።

ለመሄድ ያሳመናት እኔ አይደለሁም። ሳቢያን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው፤ ባለፈው ዘመቻ የተሠሩ። መጥተው ቡና ጠጡ። ስለ ሕክምና ምንም አላወሩም። ሲነሱ ብቻ «ይቺ ስኒሽ ጠርዟ ተሸርፏል እኮ» አሏት። እሷ አላየችውም ነበር።

ምርመራው ቀላል ነበር። ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ምልክቶች አሳዩዋት፤ በቀኙ ምንም የለም። ጣት ቆጠሩላት፤ አልለየችውም። እጅ ሲወዛወዝ ግን ታውቃለች፣ ባትሪም ሲበራ ከየት እንደመጣ ትለያለች። ይህ ጥሩ ምልክት ነው አሉን። ከሞራው ጀርባ ያለው የዓይን ክፍል ደህና ከሆነ ሌንሱ ሲቀየር ታያለች ማለት ነው። ግላኮማ ቢሆን ኖሮ የጠፋው አይመለስም ነበር። ስኳርና ደም ግፊትም ለኩ። ከዚያ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ምልክት ጻፉበት፤ ዓይን እንዳይሳሳት ነው። እሷ ያንን ፕላስተር ሁለት ቀን ሙሉ በእጇ እየደባበሰች «እንዳይወድቅ» ስትል ሰነበተች።

ወደ ሐረር በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከድሬ ሙቀት ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ ነው፤ አንዱን መታጠፊያ ጨርሰህ ሌላው ይመጣል። ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አወዳይ ከነጫት ገበያው፣ ከዚያ ሐረር። አክስቴ እስከ ሐረር ተረጋግታ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ያለች ሴትዮ ዱዓ ስታደርግ «አሚን» እያለች ታጅባት ነበር። እኔ ገደሉን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ከገጠር የመጡ ብዙ ናቸው። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ በአንድ ወንበር ላይ ይደበላለቃል። ድሬ ላይ «አንቱ» ብሎ ነገር ብዙም አይደለም፤ ሽማግሌውንም «አንተ» እንለዋለን፣ ክፋት የለውም። ከአዲስ አበባ የመጣች ሲስተር ግን አክስቴን «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስትላት አክስቴ ዞራ ማንን እንደምታናግር ጠየቀችኝ።

እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል አልገባሁም። ከዚህ በታች ያለውን ያወቅኩት ሲስተሯ ካስረዳችኝና በኋላ ካነበብኩት ነው።

ሙሉ ማደንዘዣ የለም። ዓይኑ አካባቢ መርፌ ይወጉና ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል። በአዮዲን ያጥቡታል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽንን ከሚቀንሱ ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቁርጥ ያወጣል። ቁርጧ ቀጥ ብላ አትገባም፤ እንደ ዋሻ ተጋድማ ነው የምትገባው። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ተጋድማ ስለተቆረጠች የዓይኑ የራሱ ግፊት ከውስጥ ገፍቶ ይዘጋታል። ክር የለ፣ መስፋት የለ። የደፈረሰችው ሌንስ በሙሉዋ በዚያች በር ትወጣለች። አዲሱ ሌንስ ይገባል። ፋሻ ይደረጋል። አለቀ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። ሐኪሙ አንዱን ሲጨርስ ወንበሩን ያዞራል፤ ሁለተኛው አልጋ ላይ ያለው ሰው ታጥቦ፣ ደንዝዞ፣ ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። የጨረሰው ሲነሳ ሌላው ይተኛል። ሐኪሙ ሰው እስኪዘጋጅ ብሎ አይቀመጥም። አክስቴ ተራዋ ደርሶ ገባች፣ ወጣች። እኔ ውጭ ሻይ ይዤ ነበር። ሻዩ አልቀዘቀዘም።

ሀብታሙ አገር ውስጥ ዋናው ዘዴ ሌላ ነው፤ ፋኮ ይባላል። ሌንሷን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ የሚመጥ ማሽን ነው። ማሽኑ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ዋጋ አለው። በየሰው የሚቀየር ዕቃም አለው። መብራት ሲቆራረጥና የሚጠግነው ሰው ሲጠፋ ደግሞ የማዕዘን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እኛ ጋ ጠንክሮ የቆየ ሞራ ይበዛል፤ እሱን በማሽን መሰባበር ራሱ ከባድ ነው። ታዲያ ርካሹ ዘዴ የድሃ ዘዴ ነው ማለት ነው? እኔም መጀመሪያ ያስፈራኝ እሱ ነበር። ኔፓል ውስጥ ሁለቱን ዘዴዎች በ108 ዓይኖች ላይ በዕጣ ከፋፍለው አወዳድረዋቸዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ 98ቱ በመነጽር ታግዘው ጥሩ እይታ አላቸው። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ያለ ማሽን የተሠራው በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል፣ በማሽን የተሠራው 15 ተኩል ያህል ነው የፈጀው። ፋኮ ቁርጡ ያነሰ ነው፣ ዓይንም ቶሎ ያገግማል፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ስድስት ወር ቆይተህ ስታየው ግን ልዩነቱ ጠፍቷል።

አሁን ስለ ሌንሷ። ድሮ ሞራው ከወጣ በኋላ የሚተካ ነገር አልነበረም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር የሚያደርጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸው ትልቅ ሆኖ ስለሚታይ እንፈራቸው ነበር። ሌንስ የሌለው ዓይን እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሌንስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ይባላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመቱ አውሮፕላን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የመስኮቱ ፕላስቲክ ስብርባሪ ገብቶ ሳያሳብጥ ሲቀመጥ አስተዋሉ። ዓይን ያልተቆጣው ፕላስቲክ ከሆነ ለምን ሌንስ አንሠራበትም አሉ። ዛሬ በዘመቻ የሚገባው ሌንስ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የሚሠራ ነው።

ሌንሱ ግን ለረጅም ጊዜ የሀብታም ነበር። አንዱ ወደ 100 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዋጋውን የሰበሩት ሐኪሞችና መሐንዲሶች በዚያው ድሃ አገር ተቀምጠው ነው። ህንድ፣ ማዱራይ ከተማ ውስጥ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣታቸውን አጣሞታል። በእነዚያ ጣቶች ነው ኦፕራሲዮን ያደርጉ የነበረው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ 11 አልጋ ያለው አራቪንድ የሚባል የዓይን ሆስፒታል ከፈቱ። የሚከፍል ይከፍላል፣ የማይችል በነፃ ይሠራለታል። ሐኪሞቹ አንድ ናቸው፤ የከፈለ ሰው የተሻለ ክፍል ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የራሳቸውን ሌንስ ፋብሪካ አቋቋሙ። ዋጋው ወደ 10 ዶላር ወረደ፤ ከዚያም በታች ሄደ።

በእኛ በኩልም ታሪክ አለ። ፍሬድ ሆሎውስ የሚባሉ አውስትራሊያ የኖሩ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ኤርትራ ሄደው በጦርነቱ መሀል የሚሠሩትን ሐኪሞች አዩ። ሰዎቹ ችሎታ አላቸው፣ ሌንስ ግን የላቸውም። ሆሎውስ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ። በዓመቱ በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት አስመራና ካትማንዱ ላይ የሌንስ ፋብሪካዎችን ከፈተ። የካትማንዱው ሐኪም ሳንዱክ ሩይት ያለ ስፌት የሚሠራውን ዘዴ አሻሽለው አስፋፉ። ከአሜሪካዊው ጄፍሪ ታቢን ጋር የመሠረቱት ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራል። ለአንድ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ቁሳቁስ 25 ዶላር ገደማ ነው ይላሉ። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታልም ትላልቅ የሞራ ዘመቻዎችን አስተናግዷል። ድሮ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ቦታ ነው። ሰው ይሸሸው የነበረ ግቢ፣ ሰው የሚሰለፍበት ሆነ።

አንድ ማታ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ምጣዱ አጠገብ ተቀምጠናል። ማዱራይ ያለው ሐኪም በአንድ ቀን ብዙ ሰው ስለሚሠራ ነው የሚረክሰው አልኳት። ቋሚ ወጪ፣ ተለዋዋጭ ወጪ እያልኩ ልተነትን ስል አቋረጠችኝ። «ምጣድ ነዋ!» አለች። «ዋናው ማገዶ የሚሄደው ምጣዱን ለማጋል ነው። ከጋለ በኋላ አምስት ብትጋግር፣ ሃምሳ ብትጋግር ያው ነው። አምስት ብቻ ጋግሮ የሚሸጥ ሰው አንዱን እንጀራ በስንት ይሸጣል?»

እኔ ለዚህ ትምህርት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬአለሁ።

ነገሩ በትክክል እሷ እንዳለችው ነው። ሕንፃው፣ ማይክሮስኮፑ፣ የሐኪሙና የሲስተሯ ደመወዝ፣ ዕቃ የሚቀቀልበት ማሽን፣ ይህ ሁሉ የምጣዱ ማገዶ ነው። ሁለት ሰው ቢሠራም ይወጣል፣ ስልሳ ሰው ቢሠራም ይወጣል። ስለዚህ ዋጋውን የሚያወርደው ሐኪሙ ደግ መሆኑ ብቻ አይደለም። ምጣዱ ሳይበርድ ሊጥ መድረሱ ነው። ሊጡ ደግሞ አክስቴ ናት፤ ሦስት ዓመት ቤቷ የተቀመጠችው።

ማዱራይ ያሉት ሰዎች ይህን በጊዜ ደርሰውበታል። በደቡብ ህንድ ገጠር የተደረገ አንድ ጥናት፣ የዓይን ችግር ካለባቸው አዋቂዎች ነፃው ምርመራ ሲመጣ የሄዱት ከመቶ 7 እንኳን እንደማይሞሉ አሳየ። ነፃ ሆኖ! የቀሩት ወጪ ፈርተው፣ የሚወስዳቸው አጥተው፣ ጊዜ አጥተው፣ ፈርተው ነው። ስለዚህ አራቪንድ ሰውን ከሰፈሩ በአውቶቡስ ያነሳል፣ ይመግባል፣ ይመልሳል። የአውቶቡሱን ወጪ ምጽዋት ብሎ አይመዘግበውም። የሊጥ ማመላለሻ ነው።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። «ነፃ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ያናድደኛል። የኦፕራሲዮን ዓምድ፦ ዜሮ። ሌንስ፦ ዜሮ። የጠብታዎቹ ዓምድ ግን የእኔን የአንድ ወር ደመወዝ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ለሁለት ሰው የሚኒባስ፣ የባጃጅ፣ የምግብ አለ። እኔ ከሥራ የቀረሁበት ሦስት ቀን አለ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነው፤ ማንም አስቀድሞ ያልነገረን። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሳምንታት ጭስ የለም፣ አቧራ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም ተባለ። ለእንጀራ ጋጋሪ! ባልዲ ሊጥ የምታነሳ፣ መብራት ሲጠፋ በእንጨት የምትጋግር ሴት ናት። አንድ ወር ሙሉ ገቢ የለም ማለት ነው። ማዘዣ ወረቀቱ ላይ «እረፍት» የሚል ቃል በነፃ ተጽፏል።

ሴቶች ከወንዶች ያነሰ የሞራ ሕክምና የሚያገኙባቸው ብዙ ድሃ አገሮች እንዳሉ አነበብኩ። አልገረመኝም። ጭስ ለሞራ ሊያጋልጥ እንደሚችልም በህንድና በኔፓል ምድጃ ላይ የሚውሉ ሴቶችን ያዩ ጥናቶች ይጠቁማሉ።

ስለ ዘመቻው ቅሬታ አለኝ፣ ውለታ ቢስ እንዳልባል እንጂ። ምጣዱን አጋልተህ አምስት ቀን ጋግረህ ከሄድክ በኋላ ይበርዳል። ሲስተሯ እንዳጫወተችኝ፣ ሌንስና ሌላ አላቂ ዕቃ ሲያልቅ ማይክሮስኮፑ ጨርቅ ለብሶ ወራት ይቀመጣል። የሠለጠነው ሰው ግን እዚያው አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞራ እንዲሠሩ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ሌንስ ካገኙ ዓመቱን ሙሉ መሥራት የሚችሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ የግማሹ ምክንያት ሞራ ነው። ይህን በዓመት አንድ ሳምንት እየጋገርክ አትጨርሰውም።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። በረድፍ ተቀምጠዋል። ሲስተሯ አንድ በአንድ ታነሳለች። አጠገባችን ያሉ ሽማግሌ ሲነሳላቸው እልል ተባለ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም እኔም እንባ መጣብኝ። አክስቴ ግን ምንም አላለችም። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ማየት ጀመረች፤ ፊት ለፊት፣ ጀርባቸውን፣ ክንዷን። ምጣዱ ያቃጠላትን ጠባሳ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። ሁለቱን አላወቀቻቸውም። ሳታይ የተቃጠለቻቸው ናቸው።

መመለሻው ላይ ደንገጎ ስንደርስ ጮኸች። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። «ይሄ ገደል ትናንትም እዚህ ነበር?» አለችኝ። ድሬ እስክንገባ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስንት የተለፋበትን ዓይን።

ሁሉም አልተስተካከለም። አዲሱ ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ራሱን አያስተካክልም፤ ሩቁን ታያለች፣ ለቅርብ መነጽር ያስፈልጋታል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አትችልም ነበር፤ ተናድዳ «አበላሹኝ» አለች። የቅርብ መነጽር ሲገዛላት ነገሩ በረደ። ጠብታውን ለሳምንታት ስታደርግ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተደብቃ ስትጋግር ያዝኳት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ተመርምራ ደህና ሆነ፤ እኔ ግን ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ሊደፈርስ ይችላል፤ ሰው ያኔ «ሞራው ተመለሰ» ይላል። ሞራ አይመለስም። በሌዘር ጨረር የሚጠራ ነገር ነው። ማሽኑ ያለበት ቦታ መድረስ ግን ሌላ የደብተር ዓምድ ነው። የግራ ዓይኗም ገና አልተሠራም። ዘመቻ ላይ ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ይቀድማሉ። ትክክል ነው። እሷም አላጉረመረመችም።

ልጅቷ ትምህርቷን ሙሉ ቀጥላለች። እንጀራው ዓይን አውጥቷል። ጤፍ ሻጩን ይቅርታ ጠይቂው ብላት አሻፈረኝ አለች።

ባለፈው እሁድ ልጠይቃት ስሄድ ሦስት ሴቶች ቡና ላይ አገኘሁ። አንዷ ነምበር ዋን ሰፈር ነው ቤቷ፤ እስኪበስል እየጠበቀች ነው። «የሚበስል እንጀራ ነው!» ትላታለች አክስቴ። ከሐሙስ በኋላ ሐረር ዘመቻ እንዳለ ሰምታለች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ከፋፍላ ጨርሳለች። አንዷ የሚያደርሳት የላትም። ያቺን ራሷ ልትወስዳት ነው፤ ደንገጎን ዓይኗን ጨፍና እንደምታልፍ ተናግራለች። የአራቱን ትራንስፖርት የምከፍለው እኔ ነኝ። ይህንን የሰማሁት እዚያው፣ ከሴቶቹ ጋር እኩል ነው።